ፀጉር የሌለው ትንሹ ውሻ፦ ታሞ ነው እንዴ ወይስ ተፈጥሮው ነው?

ፎቶው ሶሻል ሚዲያ ላይ በወጣ ቁጥር ከስሩ የሚጻፈው ነገር አንድ ዓይነት ነው፣ "ምስኪን፣ እከክ ጨረሰው"፣ "ማነው ይሄን የላጨው"፣ "ውሻ ነው አይጥ?"። ጭንቅላቱ ላይ ቁንጮ፣ እግሩ ጫፍ ላይ ካልሲ ያጠለቀ የሚያስመስለው ፀጉር፣ ጅራቱ ላይ ትንሽ ዘንፈል ያለ ነገር፣ የቀረው ገላው በቃ መላጣ። ስሙ ቻይኒዝ ክሬስትድ ይባላል። አልታመመም፣ ማንም አልላጨውም፣ ሲወለድም እንዲሁ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ "ፀጉር ስለሌለው ጣጣ የለውም፣ ቤት ውስጥ አይረግፍ፣ ማበጠር የለ፣ አለርጂ ላለበት ሰው አሪፍ ነው" ብለው የሚገዙት ሰዎች አሉ፣ እነሱም ከፊተኞቹ ባልተናነሰ ተሳስተዋል። ፀጉር እኮ ለውሻ ጌጥ ብቻ አይደለም፣ ፀሐይ የሚከለክለው እሱ ነው፣ ብርድም፣ ጭረትም፣ የነፍሳት ንክሻም። ፀጉሩ ሲጠፋ ሥራው አብሮ አይጠፋም፣ ወደ ባለቤቱ ነው የሚዞረው።

ለመሆኑ ምን ዓይነት ውሻ ነው?

ትንሽ ነው። ትከሻው ጋ ሲለካ ከ23 እስከ 33 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ5.5 ኪሎ አያልፍም፣ በአንድ እጅ አንስታችሁ ብብታችሁ ስር የምትይዙት ዓይነት። አጥንቱ ቀጫጭን ነው። የፊት እግሩ ጣቶች ከብዙ ውሾች ረዘም ስለሚሉ መጫወቻውን እቅፍ አድርጎ ይይዝበታል፣ ስታቅፉትም አንገታችሁ ላይ ሊጠመጠም ይሞክራል፣ ይሄን ያየ ሰው ነው ብዙ ጊዜ ልቡ የሚሸነፈው። የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካው ኬኔል ክለብ በዝርያ ደረጃ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን የመደበውም ከትናንሾቹ ማለትም ከቶይ ግሩፕ ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄ ዝርያ ሁለት መልክ ያለው መሆኑን ነው። አንደኛው ሄርለስ የሚባለው መላጣው ነው፣ ሌላው ፓውደርፓፍ ይባላል፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ ረጅምና ለስላሳ ፀጉር የለበሰ። ሁለቱ ከአንድ እናት በአንድ ቀን ይወለዳሉ፣ እህትና ወንድም ናቸው፣ አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ ግን አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው የለም። መላጣው ራሱ ደረጃ አለው፣ አንዳንዱ ገላው ላይ ምንም የለውም፣ አንዳንዱ ደግሞ ጀርባው ላይ ሳሳ ያለ ፀጉር ስለሚኖረው ባለቤቶቹ ይላጩታል።

ፀጉር አልባ ውሻ ይሄ ብቻ አይደለም፣ የሜክሲኮው ሾሎይትዝኩዊንትሊ አለ (ባጭሩ ሾሎ ይሉታል)፣ የፔሩ መላጣ ውሻ አለ፣ አሜሪካን ሄርለስ ቴሪየር አለ። ስለ ቆዳ አያያዝ ከዚህ በታች የማወራው ለአብዛኞቹ ይሠራል፣ ጠባዩ ግን የክሬስትዱ ነው።

ታዲያ ፀጉሩ የት ሄደ?

ነገሩ ያለው አንድ ጂን ላይ ነው። ጂን ማለት ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ የሚናገር ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ መመሪያ ነው፣ ማንኛውም ውሻ ከእናቱ አንድ ኮፒ ከአባቱ አንድ ኮፒ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት ክሬስትድ፣ ሾሎና የፔሩው ውሻ ሦስቱም ፎክስአይ3 በሚባለው ጂን ላይ ልክ አንድ ዓይነት ስህተት እንዳለባቸው አሳየ፣ መመሪያው ላይ ሰባት ፊደል ሁለቴ ተጽፏል፣ ስለዚህ ከዛ በኋላ ያለው ንባብ በሙሉ ይዛባል። እንዲህ ዓይነቱ ለውጥ ሚውቴሽን ይባላል።

እሺ፣ ጂኑ ፀጉሩን ካጠፋ ጥርሱ ለምን አብሮ ይጎድላል? ፅንሱ ገና ሲሠራ ቆዳ፣ ፀጉርና ጥርስ ከአንድ ሊጥ ነው የሚጋገሩት፣ ሊጡ ላይ የጎደለ ነገር ካለ ሁሉም ላይ ይታያል። ለዚህ ነው መላጣው ክሬስትድ ብዙ ጊዜ የመንጋጋ ጥርሶቹ የሚጎድሉት፣ ክራንቻዎቹም ወደ ፊት የሚያዘነብሉት። ፓውደርፓፉ ግን ሚውቴሽኑ ስለሌለበት ጥርሱ ሙሉ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ሊያራቡ የሚያስቡ ሰዎች በደንብ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ሚውቴሽኑ ከአንድ ወላጅ ብቻ ከመጣ ውሻው መላጣ ሆኖ በደህና ይኖራል፣ ከሁለቱም ከመጣ ግን ፅንሱ እናቱ ማህፀን ውስጥ እያለ ይሞታል። ስለዚህ በሕይወት ያለ መላጣ ክሬስትድ ሁሉ አንድ የመላጣ፣ አንድ የባለፀጉር ኮፒ ነው የያዘው። ሁለት መላጣዎች ከተዳቀሉ በሕይወት ከሚወለዱት በአማካይ ሁለት ሦስተኛው መላጣ፣ አንድ ሦስተኛው ፓውደርፓፍ ይሆናል፣ መላጣ ከፓውደርፓፍ ከሆነ ግማሽ በግማሽ፣ ሁለት ፓውደርፓፎች ደግሞ መላጣ አይወልዱም። "ፓውደርፓፉን ቀስ በቀስ አጥፍቶ መላጣውን ብቻ ማስቀረት አይቻልም?" የሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሳል፣ አይቻልም፣ መላጣው ራሱ ባለፀጉሩን በውስጡ ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

አሜሪካን ሄርለስ ቴሪየር ከነዚህ ጋር ዘመድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ሉዊዚያና ውስጥ ራት ቴሪየር ከሚባሉ ባለፀጉር ውሾች ጆሴፊን የተባለች አንዲት መላጣ ቡችላ ተወለደች፣ ዝርያው ከሷ ነው የመጣው፣ ሚውቴሽኑ ሌላ ጂን ላይ ስለሆነም ጥርሱ ሙሉ ነው።

እውነት ከቻይና ነው የመጣው?

ስሙ ነው እንጂ ማስረጃው ወደዛ አይወስድም። የሚወራው የቻይና መርከበኞች አይጥ እንዲይዙላቸው መርከብ ላይ ይዘዋቸው ይዞሩ ነበር፣ በየወደቡ ሲቆሙም ይለዋወጧቸው ነበር እየተባለ ነው። ነገር ግን ሚውቴሽኑ ከሾሎውና ከፔሩው ጋር አንድ ነው፣ ያ ስህተት ፊደል በፊደል አንድ ሆኖ ሦስት ቦታ ለየብቻው ተፈጠረ ከማለት ከአንድ ቦታ ተሰራጨ ማለት ይቀላል። የቆየ ማስረጃ ያለው ደግሞ ወደ ሜክሲኮና ፔሩ ነው፣ ምዕራብ ሜክሲኮ ኮሊማ ውስጥ ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የተሠሩ የሸክላ ውሾች ከመቃብር ወጥተዋል፣ መላጣውን ውሻ ያሳያሉ ተብሎም ይታመናል።

በዘመናችን ስሙ የገነነው ግን በውበቱ ሳይሆን በተቃራኒው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ በየዓመቱ የዓለም አስቀያሚ ውሻ የሚመረጥበት ውድድር አለ፣ ሳም የተባለ ክሬስትድ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፏል። ብዙ ሰው ዝርያውን የሚያውቀው ከሳም ፎቶ ነው፣ ሳም ደግሞ ያረጀና ዓይኑ የጠፋ ውሻ ነበር፣ በሱ ዝርያውን መፍረድ ትንሽ ግፍ ነው።

ሲነኩት ለምን ይሞቃል? ለአለርጂስ ይሻላል?

ትኩሳት ያለበት ይመስላል አይደል? የለበትም። የማንኛውም ጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከሰው ይበልጣል፣ የሌላውን ውሻ ሙቀት ፀጉሩ ስለሚሸፍነው ነው የማይሰማችሁ። እዚህ መዳፋችሁ በቀጥታ ቆዳው ላይ ስለሚያርፍ ትደነግጣላችሁ። ድሮ መላጣ ውሾችን አልጋ ውስጥ እያስገቡ ለቁርጥማት ማሞቂያ ያደርጓቸው የነበረው ለዚህ ነው፣ ማሞቁን ያሞቃሉ፣ በሽታ ግን አያድኑም።

አለርጂን በተመለከተ፣ ሰውን የሚያስነጥሰው ፀጉሩ ሳይሆን የውሻው ምራቅና ከቆዳው የሚረግፈው ብናኝ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ክሬስትድ ደግሞ ምራቅም ቆዳም አለው። ፀጉሩ ብናኙን ይዞ በየሶፋው ስለማያራግፍ የሚሻላቸው ሰዎች ይኖራሉ፣ የማይሻላቸውም አሉ፣ ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ከመግዛታችሁ በፊት ውሻው ካለበት ቤት ሄዳችሁ ደጋግማችሁ ረጅም ሰዓት አብራችሁት ብትቀመጡ ነው የሚሻለው፣ "ሃይፖአለርጀኒክ ነው" (አለርጂ አይቀሰቅስም ማለታቸው ነው) የሚለውን የሻጭ ወሬ ይዛችሁ አትግቡበት።

ቆዳው ምን ይፈልጋል?

ዋናው ሥራ እዚህ ነው ያለው። መላጣ ክሬስትድን ጀርባውን በጣታችሁ ዳበስ ብታደርጉት፣ በተለይ በጉርምስናው ጊዜ፣ አሸዋ የነካችሁ ሊመስላችሁ ይችላል፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ጥቃቅን ጥቋቁር ነጥቦች ናቸው። የፀጉር ቀዳዳው አለ፣ ፀጉሩ ግን በደንብ አልወጣም፣ ስለዚህ ቅባትና የሞተ ቆዳ ቀዳዳው ውስጥ ይጠራቀምና ይደፈናል፣ በአጭሩ ብጉር ነው። የወጣት ልጅ ፊት ላይ የሚወጣው ማለት ነው። ማፍረጥ የለም! በጥፍር የተነካ ብጉር ይቆስላል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ከዛ አንቲባዮቲክ ነው።

የሚረዳው እጥበት ነው። ብዙዎቹ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ያጥቡታል፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ለውሻ በተሠራ ሽታ በሌለው ለስላሳ ሻምፖ፣ የሰው ሻምፖ ለውሻ ቆዳ አይስማማም። ሻምፖውን በለስላሳ ፎጣ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ጀርባውንና ደረቱን ሳታሹት ዳበስ ዳበስ ታደርጉታላችሁ፣ የሞተው ቆዳ በዛው ይነሳል። ከዛ በደንብ ማለቅለቅ፣ በጣቶቹ መሃልና ብብቱ ስር ሳይቀር ማድረቅ፣ እንደወጣም ቶሎ መጠቅለል፣ ምክንያቱም ከውሃ እንደወጣ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በየቀኑ ማጠብ ደግሞ ተቃራኒውን ያመጣል፣ የቆዳውን ቅባት አጥቦ ያወጣውና ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል።

ሎሽን ያስፈልገዋል ወይ? ቆዳው ከደረቀ አዎ፣ ግን ስስ የሆነ፣ ሽታ የሌለውና ቀዳዳ የማይደፍን። ወፍራም ቅባትና ቫዝሊን በየቀኑ የሚቀቡ ሰዎች ብጉሩን እያባባሱት ነው። ላኖሊን ማለትም ከበግ ፀጉር የሚወጣው ቅባት የማይስማማቸው እንዳሉ ስለሚነገር የሱፍ ሹራብም ላኖሊን ያለበት ክሬምም ባይጠቀሙ ይመረጣል። አዲስ ነገር ስትሞክሩ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ።

ፀሐይ። ሮዝ ቆዳ ያለው ወይም ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ክሬስትድ ልክ እንደ ሰው ይቃጠላል፣ ቆዳው ይቀላል፣ ይላጣል፣ ለዓመታት ሲደጋገም ደግሞ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ጠቆር ያለው ትንሽ ይሻለዋል። (የአንዳንዶቹ ቆዳ በበጋ ጠቁሮ በክረምት ይገረጣል፣ አትደንግጡ።) ቀላሉ መፍትሔ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ አለማስጋደም ነው፣ እሱ ግን ሙቀት ስለሚወድ የፀሐይ ጨረር የገባበትን ወለል ፈልጎ ይተኛበታል፣ ስለዚህ እናንተ ናችሁ የምትቆጣጠሩት። ቀጭን የጥጥ ልብስ ይረዳል። ሰንስክሪን ከሆነ ለውሻ የተሠራውን ብቻ፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ የሰው ሰንስክሪኖች ዚንክ ኦክሳይድ አላቸው፣ ውሻ የተቀባውን ይልሳል፣ ዚንክ ደግሞ ሆዱ ከገባ ይመርዘዋል።

ብርድ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ለሱ ልብስ ፋሽን አይደለም። ለእናንተ ጃኬት ካስፈለጋችሁ ለሱም ያስፈልገዋል። የተዘነጋው ነገር ልብሱ ብብቱና ደረቱ ጋ ሲፈገፍግ ቆዳውን ማቁሰሉ ነው፣ ስለዚህ ስፌቱ ሻካራ ያልሆነ ምረጡ፣ ማታ ማታም አውልቃችሁ እዩት። ጆሮዎቹና የጅራቱ ጫፍ መጀመሪያ የሚበርዳቸው ቦታዎች ናቸው።

ፓውደርፓፍ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ሁሉ አንብባችሁ "ተመስገን" እንዳትሉ፣ የናንተ ሥራ ሌላ ነው። ፀጉሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይቋጠራል፣ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ካልተበጠረ ከጆሮው ኋላና ከብብቱ ስር ይጣበቅና ቆዳውን ይጎትታል። እኔ ብጠየቅ ከሁለቱ ሥራ የሚበዛው ፓውደርፓፉ ነው እላለሁ።

ጥርሱስ?

መላጣው ጥርሶቹ ሲጀመር ያነሱ ናቸው፣ ያሉትም ሥሮቻቸው አጭርና ደካማ ስለሚሆኑ ቶሎ ይረግፋሉ። ገና ልጅ እያለ በየቀኑ ለውሻ በተሠራ የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ዕድሜያቸውን ያራዝማል (የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም)። ጥርስ የሌለው ክሬስትድ ምግቡ ለስላሳ ከሆነ ምንም ሳይከብደው ይበላል፣ ምላሱ ግን አንዳንዴ በጎን ወጥቶ ይቀራል። ጠንካራ አጥንት አትስጡት፣ ያለችውን ጥርስ ይሰብራታል።

ጠባዩ እንዴት ነው?

ስለ ቆዳው ይሄን ያህል ተወራ፣ ውሻውን መልሰው የሚሰጡት ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት በጠባዩ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ በጣም ስለሚወዳቸው ነው።

ክሬስትድ ሰው ላይ የሚጣበቅ ውሻ ነው። ከክፍል ክፍል ይከተላችኋል፣ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ይጠብቃችኋል፣ ስትቀመጡ ጭናችሁ ላይ ነው፣ ስትተኙ ብርድ ልብሱን በአፍንጫው ገልጦ ገብቶ ሆዳችሁ ጋ ይለጠፋል። ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይመርጥና ሌላውን በሁለተኛ ደረጃ ያየዋል። ለእንግዳ ዝግ ነው፣ ጀርባችሁ ሄዶ ይቆማል፣ ይጮህ ይሆናል እንጂ ለመንከስ የሚቸኩል ዓይነት አይደለም። እንግዳው እጁን ዘርግቶ ካላንቆለጳጰስኩ ካለ ይባስ ይሸሻል፣ ችላ ሲለው ራሱ መጥቶ ያሸተዋል።

የዚህ ሁሉ ፍቅር ዋጋው ብቸኝነትን አለመቻሉ ነው። ጠዋት ወጥታችሁ ማታ የምትገቡ ከሆነና ቤት ማንም ከሌለ ይሄ ውሻ ለናንተ አይደለም፣ በቃ፣ ይሄን ለስለስ አድርጌ የምናገርበት ምክንያት አይታየኝም። ያላዝናል፣ በሩን ይቦጫጭራል፣ የሚያውቀውን ሽንት ቤት ትቶ አልጋ ላይ ይሸናል፣ የገዛ እግሩን እስኪቆስል ይልሳል፣ ሰዎች ይሄን ሲያዩ "ተበቀለኝ" ይላሉ፣ በቀል አይደለም፣ ጭንቀት ነው። ከቡችላነቱ ጀምሮ ለጥቂት ደቂቃ ትቶ መውጣት፣ ቀስ በቀስ ማስረዘም፣ ስትወጡም ስትገቡም ብዙ ስንብትና ሰላምታ አለማብዛት ይረዳል።

ቁጣም አይችልም። ሌላ ውሻ ስትጮሁበት አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ቆይቶ ይረሳዋል፣ ክሬስትድ ግን ሊሸማቀቅና ቀኑን ሙሉ ሊያኮርፍ ይችላል፣ ሥልጠናውም እዛው ይቆማል። የምትፈልጉትን ሲያደርግ ወዲያው ትንሽ ጥሩ ነገር መስጠት፣ አጭር አጭር ልምምድ፣ በቃ እሱ ነው። ጎበዝ ነው፣ ቶሎ ይገባዋል፣ ሽንት ቤት ማስለመድ ላይ ግን ያስቸግራል። ምክንያቱ ግማሹ ፊኛው ትንሽ መሆኑ ነው፣ ግማሹ ደግሞ እርጥብና ብርድ ያለበት ቦታ መላጣ ገላውን ይዞ መውጣት አለመፈለጉ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ማን ይፈልጋል? ልብስ አልብሶ በቋሚ ሰዓት ማውጣት፣ ለዝናብ ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ የሚነጠፍ ፓድ ማስለመድ ነው መውጫው።

ቡችላ ሳለ በተለይ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ የተለያየ ሰው፣ ድምፅና ቦታ በእርጋታ ማሳየት ለዚህ ዝርያ ከሌላው በላይ ያስፈልጋል፣ ያ ጊዜ ካለፈው ፈሪ ሆኖ ያድጋል፣ ፈሪ ትንሽ ውሻ ደግሞ ሲነኩት ሊነክስ ይችላል።

ከልጆችና ከሌሎች እንስሳት ጋርስ?

ከሰከኑ ልጆች ጋር በጣም ጥሩ ነው። ትንንሽ ልጆች ካሉ ችግሩ ውሻው ልጁን መጉዳቱ ሳይሆን ልጁ ውሻውን መጣሉ ነው፣ ከሶፋ ከፍታ መውደቅ ብቻ የፊት እግሩን ሊሰብረው ይችላል። ከድመትም ከውሻም ይግባባል፣ ግን ጨዋታ ላይ የድመት ጥፍር ወይም የትልቅ ውሻ ጥርስ ባለፀጉሩን ምንም የማያደርገው እዚህ ቆዳ ይቀድዳል። እና ደግሞ ይዘላል! ይሄ ቀጭን እግር የት ይደርሳል ብላችሁ አጥሩን ዝቅ አታድርጉት፣ ተንጠላጥለው የሚያመልጡ አሉ።

ጤናው ላይ ምን ያሰጋል?

መላጣነቱ በሽታ አይደለም፣ ሌሎች በዘር የሚመጡ ነገሮች ግን አሉበት። የጉልበት ሎሚ ከቦታው መውጣት ትናንሽ ውሾች ላይ የተለመደ ነው፣ ሲሄድ አንድ እግሩን አንስቶ እንጣጥ እንጣጥ ካለ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ የሚቀጥል ከሆነ እሱን ጠርጥሩ። ዓይን ላይ ሁለት ነገር አለ፣ አንዱ ሬቲና (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ቀስ እያለ የሚሞትበትና መጀመሪያ ማታ ማታ ማየት የሚሳነው፣ ሌላው ሌንሱ ከቦታው የሚነቀልበት። ሁለተኛው ድንገተኛ ነው፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጨፍኖና ደመና ለብሶ ካያችሁት እስከ ነገ አይጠበቅም። የዓይን ድርቀትም ይገጥመዋል። ማደንዘዣ የሚያስፈልገው ሕክምና ሲኖር ደግሞ ሐኪሙ በደንብ እንዲያሞቀው አስታውሱ፣ ይሄን የሚያክል ገላ ያለ ፀጉር ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል።

ዕድሜው ረጅም ነው፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ይገመታል፣ ስለዚህ ስትወስኑ ያን ያህል ርቃችሁ አስቡ።

ስትገዙ ምን ትጠይቃላችሁ?

እናቱን ማየት፣ ከሰው ስትሸሽ ነው ወይስ ስትጠጋ የሚለውን ልብ ማለት፣ የወላጆቹን የዓይን ዲኤንኤ ምርመራ ውጤትና የጉልበት ምርመራ በወረቀት መጠየቅ። ሻጩ "ሁለቱም ወላጆች መላጣ ስለሆኑ የሚወለዱት ሁሌ መላጣ ብቻ ናቸው" ካላችሁ ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል፣ ሒሳቡን ከላይ አይተነዋል። ፓውደርፓፍ ቡችላ ላጭቶ መላጣ ነው ብሎ የሚሸጥም አለ። አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን እዩ፣ ከዛ ጎኑን ከጅራቱ ወደ ጭንቅላቱ በመዳፋችሁ ዳብሱት፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ገላው ሙሉ በሙሉ አጭር ጺም የነካችሁ ያህል ከሻከራችሁ፣ በወሩ ቤታችሁ ውስጥ ባለፀጉር ውሻ ነው የሚኖረው።